መገረሜ ለምን አስቀየማቸው?

ጥያቄ፦

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በደቡብ ኮሪያ ዴጀን ከተማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ወደ ላቦራቶሪው የገባሁት አንድ ዓመት ቋንቋ ተምሬ ነው። ሥራው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ጨዋታው ነው።

ባለፈው የላቦራቶሪያችን ሰዎች አብረን እራት ወጣን። ሥራ ያስለመደችኝ፣ በዕድሜም የምትበልጠኝ ሲኒየሬ ዳክባል አዘዘች። ዳክባል በቀይ በርበሬ ድልህ የተለወሰ የዶሮ እግር ነው፤ እኛ ቤት ዶሮ ሲበለት የሚጣለው እግር ማለት ነው። ሳላስበው አፌን በእጄ ይዤ «ዌዮ? ጂንጫ ዳክባርል ጆአሃንዳጎዮ?» አልኳት። «ለምን? እውነት የዶሮ እግር ትወጃለሽ?» ማለቴ ነበር። ፈገግ ብላ «አዎ» አለችና ወደ ሌላ ሰው ዞረች።

ቀጥሎ ደግሞ ፕሮፌሰራችን ቢሮ ስገባ የይርጋጨፌ ቡና ፈጭተው በወረቀት ሲያጠልሉ ደረስኩ። ደስ ብሎኝ «እይዌኔዮ» አልኳቸው፤ መጽሐፌ ላይ «ያልጠበቅኩት ነው» ይላል ትርጉሙ። «ምነው፣ ቡና የማላውቅ እመስላለሁ?» አሉኝ። ቀልደው ይሁን ከፍቷቸው አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለሚወደው ነገር ሲያወራ «ኔ»፣ «አዎ» ብቻ ብዬ ዝም እላለሁ። አሁን ደግሞ «ኩራተኛ ናት» መባሌን ሰማሁ። የሚያናድደኝ፣ እነሱ እንደ ልባቸው ይገረሙብኛል። ዩክዌ የሚሉትን ጥሬ ሥጋ ጥርግ አድርጌ ስበላ ጠረጴዛው በጩኸት ተሞላ፤ በማግስቱ ረቡዕ ነበርና ሥጋ አልበላም ስል ደግሞ እንደገና። እኔ ግን አልተቀየምኩም። የእኔ መገረም ለምን ያስቀይማል? ይቅርታ ልጠይቅ? ደግሞስ ምን ብዬ ልገረም?

ግራ የገባኝ፣ ከዴጀን

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች እንለያያቸው፤ አንድ ላይ ጠቅልለሽ ስለያዝሻቸው ነው እንዲህ የከበዱሽ። ለሲኒየርሽ ያልሻት ነገር በእርግጥ ይሻክራል። ለፕሮፌሰሩ ያልሽው ግን የሳተው በትንሹ ነው። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ሲኒየርሽ ከዚያ ምሽት በኋላ ሥራ ማሳየቷን፣ ምሳ ሲደርስ መጥራቷን ትታለች? ወይስ አንቺ ነሽ ቀድመሽ የሸሸሻት? ፕሮፌሰሩስ እንዲያ ካሉ በኋላ ከቡናው ቀዱልሽ? ከቀዱልሽ ቀልድ ነበር ብለሽ እለፊው፤ በተማሪው የተቀየመ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን በጨዋታ አይመልስም፣ ዝም ነው የሚለው።

ከታች ኮሪያኛውን በፊደላችን ስለጻፍኩት እንደተጻፈ አንብቢው። ግዕዙና ሳድሱ ለኮሪያኛ ይመቻሉ፤ «ሞላሰዮ» ላይ ያለው «ሰ» የ«ሰማ» «ሰ» ነው፣ «ግሬዮ» ላይ ያለው «ግ» ደግሞ የ«ግን» «ግ»። «ጂንጫ» ላይ ያለውን «ጫ» ግን እንደ «ጫማ» አታፈንጂው። የእነሱ ድምፅ ጠበቅ ይላል እንጂ አይፈነዳም።

አሁን ወደ ዳክባሉ። ያቺ አጭር ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። «ዌዮ?» ሰው ስለሚወደው ነገር ስትነግሪው ምክንያት አቅርብ እንደ ማለት ነው። ቀጥሎ «ዳጎዮ» አለ፤ ይህ ቅጥያ የሌላውን ሰው ንግግር መልሶ ለመጠየቅ የሚያገለግል ነው። ሳትሰሚ ቀርተሽ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሰምተሽ፣ ዓይንሽን አፍጥጠሽ ስትይው ግን «ምን አልሽ? የዶሮ እግር ነው ያልሽው?» የሚል ቃና ይይዛል። ሦስተኛው ያልተባለው ነው፦ «ሺ» የለችም። «ሺ» የአክብሮት ምልክት ናት፤ እኛ «ትወጃለሽ»ን ትተን «ይወዳሉ» እንደምንለው ማለት ነው። ለታላቅሽ «ጆአሃንዳጎዮ» ስትይ መጨረሻው ላይ «ዮ» ስላለ ትሕትናው የተሟላ መስሎሽ ይሆናል። «ዮ» ግን የንግግሩን ጨዋነት ነው የምትጠብቀው፤ ሰውዬውን የምታከብረው «ሺ» ናት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በአማርኛ «ይሄን ይወዳሉ እንዴ!» ስንል «እንዴ»ዋ ሳቅ ትጨምርበታለች፤ ማንም አይቀየምም። በኮሪያኛ ያንን ሥራ የሚሠራው የግሱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ የምትገረሚበትን ቃል ሳይሆን የምትገረሚበትን ቅጥያ ነው መምረጥ ያለብሽ። መምረጫውም ይህ ነው፦ ግርምቱ በሰውዬው ምርጫ ላይ ሳይሆን በአንቺ አለማወቅ ላይ ይረፍ። «እንዲህ ያለ ነገር ትወጃለሽ?» እና «እንደምትወጂ አላወቅኩም ነበር» መካከል ያለው ልዩነት ነው ሁሉም።

ሁለተኛውን የሚሸከመው አባባል «ንን ጁል ሞላሰዮ» ነው። «ዳክባል ጆአሃሺንን ጁል ሞላሰዮ» ማለት «ዳክባል እንደምትወጂ አላወቅኩም ነበር» ነው፣ በአክብሮት። «ሺ» የገባችው የት እንደሆነ ተመልከቺ፤ የምትወደው እሷ ስለሆነች «ጆአሃ» ላይ ገባች። ያላወቅሽው አንቺ ነሽና «ሞላሰዮ» ላይ በፍጹም አትጨምሪያት፤ ራስን አንቱ እንደ ማለት ይሆናል። ጊዜውንም ጠብቂ። «ሞላሰዮ» ኃላፊ ነው። በአሁን ጊዜ «ሞላዮ» ብለሽ «ል ጁል ሞላዮ» ካልሽ ትርጉሙ ተቀይሮ «እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም» ይሆናል፤ «መግል ጁል ሞላዮ» ማለት «አበላሉን አላውቅበትም» ነው።

ይህችው አባባል አንድ እህት አላት፦ «አን ጆአሃሺንን ጁል አራሰዮ»፣ «የማትወጂ መስሎኝ ነበር»። ስህተቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ራስሽ ስለምትወስድ ለታላቅ ሰው ትመቻለች። ሌላም አለች፤ ስጦታ ሰጥተሽ ሰውዬው ከጠበቅሽው በላይ ሲደሰት «ኢረኬ ጆአሃሺል ጁል ሞላሰዮ» ትያለሽ፣ «እንዲህ ይወዱታል ብዬ አልጠበቅኩም»። ከአዲስ አበባ ቡና ይዘሽ ስትመለሺ የምትፈልጊያት እሷን ነው።

ዓይንሽ እያየ ላለው ነገር ደግሞ «ኔዮ» አለልሽ። ሲኒየርሽ ፊትሽ ተቀምጣ በላስቲክ ጓንት ዳክባሉን ስትግጥ «ዳክባል ጆአሃሺኔዮ!»፣ «ዳክባል ይወዳሉ እኮ!» ማለት በቂ ነው። በወሬ ለሰማሽው ወይም አሁን ለተነገረሽ ነገር «ንንጉንዮ» ይሻላል፤ «ኣ፣ ጆአሃሺንንጉንዮ» ማለት «ለካ ይወዳሉ» እንደ ማለት ነው። እኩያሽ ወይም ታናሽሽ ሲሆን «ጆአሃንንጉና» ብትይ ያምራል፣ ለፕሮፌሰሩ ግን አይሆንም። እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ የሚስታት አለች፦ «ጆአሃጉንዮ» አይባልም። መውደድ በኮሪያኛ ግስ ስለሆነ መሐል ላይ «ንን» ይገባል፤ ቅጽል ሲሆን ነው ያለ «ንን» የሚሄደው።

ከሁሉ የምትጠነቀቂያት አንዲት «ዮ» አለች። «ጆአሃሺኔዮ» ብለሽ «ዮ»ዋን ከዋጥሻት «ጆአሃሺኔ» ይቀራል። ኮሪያውያን አንድን ነገር ሲያላግጡበት ስሙን ጠርተው «ጆአሃኔ» ይሉበታል፤ «ሳራንግ ጆአሃኔ» ማለት ቃል በቃል «ፍቅር ይወዳል» ይምሰል እንጂ «የምን ፍቅር!» የሚል ሹፈት ነው። «ሺ» ብትጨምሪበትም ሹፈቱ አይቀንስም፣ እንዲያውም ይብሳል። ስለዚህ ድምፅሽን መጨረሻ ላይ አትጣይው፤ «ኔዮ»ን ትንሽ ሳብ፣ ትንሽም ከፍ አድርጊያት። ጠፍጣፋ አድርገሽ ከጣልሻት ከነ«ዮ»ዋም የተሰላቸሽ ትመስላለሽ።

የፕሮፌሰሩ «እይዌኔዮ» ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ ትርጉሙም መጽሐፍሽ እንዳለው ነው። ችግሩ «ያልጠበቅኩት» ስትይ ሰሚው «ታዲያ ምን ነበር የምትጠብቂው?» ብሎ ማሰቡ ነው። በእኩዮች መካከል ይህ ጨዋታ ያመጣል፤ ለታላቅ ሰው ግን ቀድሞ የያዝሽውን ግምት ያጋልጣል። የእሳቸው መልስም በትክክል እዚያ ነጥብ ላይ ነው ያረፈው። በቦታው «ግዮሱኒም፣ ከፒ ጆአሃሺንንጉንዮ!»፣ «ፕሮፌሰር፣ ለካ ቡና ይወዳሉ!» ቢባል ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሌሎች ቃላትንም እንዲሁ መዝኚ። «ገረመኝ» ለማለት «ኖላሰዮ» ካልሽ ደነገጥኩ ወደሚለው ያደላል፤ ለሰው ምርጫ ይከብዳል። «ኢሳንግሄዮ» እንግዳ ነገር ነው፣ ልክ አይደለም ማለት ነው፤ ከሰው ምግብ አጠገብ አታድርሺው። «ሺንጊሃኔዮ» ደስ የሚል መገረም ስለሆነ በጓደኛሞች መሐል ይሄዳል። «ኸል» እና «ዴባክ» ከድራማ ስለለመድናቸው ይቀሉናል፤ የወጣት ጓደኛሞች ቃላት ናቸውና ለእነሱ ተያቸው። «ገጂንማል!» ደግሞ የእኛው «ውሸት!» ነው። ለቅርብ ጓደኛ ብቻ።

መምህራን እምብዛም የማያነሱት አንድ የእኛ ልማድ አለ። ሐበሻ ሰው ሲያዳምጥ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እ!» ይላል፤ «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ማለቱ ነው። ለኮሪያ ጆሮ ያ ድምፅ «ኸክ» ነው፣ የድንጋጤ ድምፅ። ምናልባት ሲኒየርሽ ገና ከአፍሽ ቃል ሳይወጣ ትንፋሽሽንና አፍሽ ላይ የሄደውን እጅሽን አይታ ይሆናል የጨረሰችው። በእሱ ፋንታ ትንፋሹን ወደ ውጭ አውጥተሽ «ኣ፣ ግሬዮ?»፣ «እንዲያ ነው?» በይ፣ መጨረሻውን ከፍ አድርገሽ። «ጀንግማልዮ?»፣ «እውነት?»ም ያው ነው፤ ከ«ጂንጫዮ?» ይልቅ ለታላቅ ሰው ይረጋል። ለጊዜው የሚያስቸግርሽ ይህ ይመስለኛል፤ ቃል ይጠናል፣ ትንፋሽ ግን ሳያስቡት ነው የሚወጣው።

መገረም ብቻውን ተንጠልጥሎ ከቀረ ደግሞ ፍርድ ይመስላል። ስለዚህ ወዲያው ጥያቄ አስከትይበት፣ «ለምን» ያልሆነ ጥያቄ። «ኧንጄቡተ ጆአሃሸሰዮ?» ማለት «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወዱት?» ነው፤ ሰው ታሪኩን እንዲያወራ በር ይከፍታል። ነገሩን እያሳየሽ «ያንን ይወዳሉ?» ለማለት ከፈለግሽ «ጀገ ጆአሃሴዮ?» በይ። «ገ»ዋን ዘለሽ «ጀ ጆአሃሴዮ?» ካልሽ ግን «እኔን ይወዱኛል?» ብለሽ ጠየቅሽ ማለት ነው፤ በተለይ ላጤ የላቦራቶሪ ባልደረባ ፊት አስቢው።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ ለፕሮፌሰሩ አያስፈልግም። እንደገና ቡና ሲያፈሉ ስትደርሺ ከላይ ያለውን በያቸውና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቂያቸው። «ዬጋቼፕ» ብለው ሲጠሩት አታርሚያቸው። ኮሪያ ውስጥ ስሙ እንዲያ ነው፤ ይርጋጨፌ የት እንዳለ፣ ጌዴኦ ምን እንደሚመስል ጨዋታው ውስጥ ራሱ ይመጣል።

ለሲኒየርሽ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ጉዳዩን ሳታነሺ መጠገን ነው፤ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጡ «ሰንቤኒም፣ ጀዶ ዳክባል ሃንበን መገ ቦጎ ሺፐዮ» ትያታለሽ፣ «ሲኒየር፣ እኔም ዳክባል አንድ ጊዜ መቅመስ እፈልጋለሁ»። ልትበዪው የማትችይ ከሆነ ግን አትዋሺ፤ ምግቡ ፊትሽ ሲቀርብ ፊትሽ ይናገራል። መሞከር ካሰብሽ «ሙፕየ» የሚባለውን፣ አጥንቱ የወጣለትን ምረጪ፤ ቅርጹ ራሱ ከእግርነት ይርቃልና ለጀማሪ ይቀላል። ያቃጥላል፣ ያውም በደንብ፤ አብሮ የሚታዘዘው የሩዝ ድብልብልና በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል ለዚያ ነው። ሁለተኛው መንገድ በግልጽ መናገር ነው፦ «ጂናንበኔ ጄጋ ማርል ጆም ኢሳንግሃጌ ሄትጆ? ጅዌሶንግሄዮ»፣ «ባለፈው አነጋገሬ ትንሽ ልክ አልነበረም አይደል? ይቅርታ»። ይህን የምትመርጪው እውነት ፊቷን አዙራብሽ ከሆነ ብቻ ነው፣ ያውም ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ቆም ብለሽ ሳይሆን ሥራ እየሠራችሁ። እኔ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ። የቆየን ትንሽ ነገር ለብቻ ጠርቶ ይቅርታ ማለት ትልቅ ያደርገዋል፤ እሷም ረስታው ከሆነ ታስታውሻታለሽ።

እነሱ ሲገረሙብሽ ለምን እንዳልከፋሽም አስቢ። ዩክዌውን ስትበዪ የሰማሽው «ጁል ሞላ…» የሚል ነገር አልነበረበትም? ከነበረበት እንዳልከፋሽ የሚያስረዳው እሱ ነው፤ ግርምታቸውን ራሳቸው ላይ ነበር ያሳረፉት። መልስም አለሽ፤ «ኤቲኦፒአኤሰዶ ሴንግጎጊርል መገዮ»፣ «ኢትዮጵያም ውስጥ ጥሬ ሥጋ እንበላለን»። የእነሱ በቀጭኑ ተከትፎ በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ ከኮሪያ ፒር ፍሬና ከእንቁላል አስኳል ጋር እንደሚቀርብ፣ የእኛው በሚጥሚጣና በአዋዜ መሆኑን ንገሪያቸው። ያ ለአንድ እራት የሚበቃ ወሬ ነው፣ «ኩራተኛ» የሚለውንም ከምንም በላይ ያነሣልሻል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትሸከሚ። በዚህ ሳምንት «ኔዮ»ን ብቻ ያዢ፤ ስልክሽ ላይ ድምፅሽን ቅጂና መጨረሻዋ መውደቅ አለመውደቋን ስሚ፣ ከዚያ እኩዮችሽ ምሳ ሲያዝዙ ሞክሪያት። ስትለምጂ «ንን ጁል ሞላሰዮ»ን ጨምሪ። ለታላላቆችሽ የምትይው ከእኩዮችሽ ጋር አፍሽ ከተፍታታ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

የረቡዕን ነገር በተመለከተ «አን ጆአሄዮ»፣ «አልወድም» እንዳትዪ፤ ትናንት ጥሬውን ስትበዪ ያዩሽ ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። «አን መገዮ» አልበላም ነው፣ የራስ ውሳኔ። «ሞን መገዮ» ደግሞ መብላት አልችልም ነው፤ ከሁሉም የሚለሰልሰው ይህ ነው፣ ምክንያቱን ካስቀደምሽለት ደግሞ ማንም አይጎተጉትሽም፦ «ጆንግዮ ቴሙኔ ኦንርን ጎጊርል ሞን መገዮ»፣ «በሃይማኖት ምክንያት ዛሬ ሥጋ መብላት አልችልም»። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ግን ገበታ ላይ እስክትቀመጡ አትጠብቂ። ምግብ ቤት የሚይዘው ባልደረባሽ ማን እንደሆነ አውቀሽ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቀኖቹን ንገሪው፤ ወተትና እንቁላልም እንደሚጨምር፣ ብዙ የኮሪያ ሾርባ ደግሞ በሥጋ ወይም በደረቀ ዓሣ መረቅ እንደሚሠራ አብራችሁ አስቡበት።